ከዘራው በየትኛው እጅ ይያዝ? የተሐድሶ ሕክምናና ፊዚክስ

ስለ ፊዚክስና ስለ ሕክምና ግንኙነት ሲነሣ ተማሪዎቻችን አስቀድመው የሚጠሩት ኤክስሬይን፣ አልትራሳውንድንና ኤም.አር.አይን ነው። እነዚህ በሽታን ለማየት የሚያገለግሉ መሣሪያዎች ናቸው። ይሁን እንጂ በሽታው ታውቆ፣ ቀዶ ሕክምናው ተከናውኖና ቁስሉ ሽሮ ታካሚው ከአልጋው ከተነሣ በኋላ ሌላ ረጅም ሥራ ይጀመራል። በስትሮክ ምክንያት ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ያለው ሰው እንደገና መቆም፣ መራመድ፣ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ፣ እንጀራ ቆርሶ መጉረስ መማር ይኖርበታል። የዳሌ መገጣጠሚያው የተቀየረለት አዛውንት ደረጃ መውጣትን እንደ አዲስ ይለማመዳል። ይህ የሕክምና ዘርፍ ተሐድሶ ይባላል። ቃሉ በአገራችን በሌላ መስክ የሚያስነሣው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ እኛ እዚህ የምንጠቀምበት «ማደስ» ከሚለው ግሥ በቀጥታ በወጣው ትርጉሙ ነው።

በተሐድሶ ሆስፒታል ውስጥ በየሰዓቱ የሚሠራበት ፊዚክስ ከባድ ፊዚክስ አይደለም። ቶርክ፣ የአርኪሜዲስ ሕግ፣ የኒውተን ሦስተኛ ሕግ፣ ፔንዱለምና የሁክ ሕግ ናቸው። አንባቢ እነዚህን ሁሉ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምሯቸዋል፤ ምናልባትም ከፈተናው ማግሥት ረስቷቸዋል። በዚህ ጽሑፍ እነዚህ ሕጎች በሰው አካል ላይ እንዴት እንደሚሠሩ ለማሳየት እንደ ምሳሌ የመረጥነው በጣሊያን ሚላኖ ከተማ የሚገኘውንና በዶን ካርሎ ኞኪ ስም የሚጠራውን የካቶሊክ ተቋም ነው። የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው የአመሠራረቱ ታሪክ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ተቋሙ ከሚላኖ ፖሊቴክኒክ መሐንዲሶች ጋር ተባብሮ የሰውን እርምጃ የመለካትን ሥራ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያካሄደ መሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጦር ሜዳ ወደ ሆስፒታል

«ዶን» በጣሊያንኛ ለካህን የሚሰጥ መጠሪያ ሲሆን እኛ «አባ» እንደምንለው ነው። አባ ካርሎ ኞኪ በ1902 ተወልደው በ1925 ቅስና ተቀበሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አልፒኒ የሚባለው የጣሊያን የተራራ ጦር ቄስ ሆነው በመጀመሪያ በአልባኒያና በግሪክ ግንባር፣ ቀጥሎም በሩሲያ ግንባር አገለገሉ። በጥር 1943 ያ ጦር በበረዶ ውስጥ ሲያፈገፍግ እርሳቸውም ከሞት ለጥቂት ተረፉ። በመንገድ ላይ የወደቁት ወታደሮች የመጨረሻ ቃላቸውን ያደራ የሰጡት ለእርሳቸው ነበር፤ ካህኑም ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በየተራራው መንደር እየዞሩ የሟቾቹን ቤተሰቦች ጎበኙ።

ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ችግር ግን ከወላጅ አልባነት የከፋ ነበር። በየሜዳው የቀሩ ፈንጂዎችና ያልፈነዱ ቦምቦች የሚጫወቱ ሕጻናትን እጅና እግር ይቆርጡ ነበር። አባ ካርሎ በ1945 አሮዚዮ በተባለች ከተማ የሚገኘውን የጦር ጉዳተኞች ተቋም እንዲመሩ ተሾሙና እነዚህን ልጆች መሰብሰብ ጀመሩ። በ1952 ድርጅቱ በፋውንዴሽን መልክ ተደራጀ። ወዲያውም በጦርነት የተጎዱት ልጆች ቁጥር እየቀነሰ ሲሄድ የልጅነት ልምሻ ማለትም ፖሊዮ ያሽመደመዳቸው ሕጻናት ቦታቸውን ያዙ። በመስከረም 1955 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት በተገኙበት ሚላኖ ውስጥ ከሳን ሲሮ ስታዲየም አቅራቢያ የዋናው ማዕከል የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። መሥራቹ ግን ፍጻሜውን አላዩም፤ የካቲት 28 ቀን 1956 አረፉ።

ከመሞታቸው በፊት ያደረጉት አንድ ነገር ለሳይንስ ታሪክ ይጠቅማል። የሁለት ዓይኖቻቸው ብሌን ማየት ለተሳናቸው ሁለት ወጣቶች እንዲሰጥ ተናዘዙ። በጊዜው ጣሊያን ከሞተ ሰው አካል ላይ ክፍል ወስዶ ለሌላ ሰው መተካትን የሚፈቅድ ሕግ አልነበራትም። ቀዶ ሕክምናው ተከናወነ፣ ወጣቶቹም ማየት ቻሉ፤ ሕጉ የወጣው በሚቀጥለው ዓመት በ1957 ነው። የሮም ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ2009 ለካህኑ የብፅዕና ማዕረግ ሰጥታቸዋለች።

ዛሬ ፋውንዴሽኑ በሰሜን፣ በመካከለኛውና በደቡብ ጣሊያን በርካታ ማዕከላት አሉት። ለትርፍ ያልተቋቋመ የግል ድርጅት ሲሆን፣ አብዛኛውን አገልግሎት የሚሰጠው በ1978 ከተመሠረተው የጣሊያን ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ጋር በሚያደርገው ስምምነት ነው። ከስትሮክና ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ የሚሰጥ የነርቭ ተሐድሶ፣ ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጥ የልብ ተሐድሶ፣ የሳንባና የአጥንት ተሐድሶ፣ ከልደት ጀምሮ የእንቅስቃሴ ችግር ላለባቸው ሕጻናት የሚሰጥ ክትትል፣ ራሳቸውን ስተው ለረጅም ጊዜ የቆዩ ታካሚዎች ክፍል፣ እንዲሁም የአረጋውያን መኖሪያ ይገኙበታል። የሚላኖውና የፍሎረንሱ ማዕከል ከሕክምናው ጎን ለጎን ምርምር እንዲያካሂዱ በመንግሥት ዕውቅና የተሰጣቸው ተቋማት ናቸው። በአንድ ታካሚ ዙሪያ ሐኪም፣ ፊዚዮቴራፒስት፣ የንግግር ሕክምና ባለሙያ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያና ብዙ ጊዜም መሐንዲስ ይሰለፋሉ። ለእኛ የሚጠቅመን መሐንዲሱ ነው።

የዳሌ ሒሳብ

ቀኝ ዳሌውን የሚያመው ሰው ከዘራውን በየትኛው እጁ መያዝ አለበት? መንገድ ላይ የምናያቸውን ሰዎች ብንቆጥር ብዙዎቹ በሚያማቸው በኩል ይይዙታል። «የታመመውን ጎን መደገፍ» ተገቢ መስሎ ስለሚታይ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ግን «በግራ እጅዎ ይያዙ» ይላል። ትክክለኛው ማን እንደሆነ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ሚዛን ማወቅ ይበቃል።

70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በቀኝ እግሩ ብቻ ቆሟል እንበል። በእያንዳንዱ እርምጃ ይህ ሁኔታ ለአፍታ ይፈጠራል። ክብደቱ በግርድፉ 700 ኒውተን ነው። የቆመበት እግር ራሱ የክብደቱን አንድ ስድስተኛ ያህል ስለሚይዝ፣ በቀኝ ዳሌ መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈው የቀሪው አካል ክብደት 580 ኒውተን ገደማ ይሆናል። የዚህ ክብደት ማእከል ግን በመገጣጠሚያው አናት ላይ አይደለም፤ ወደ ሰውነት መሐል 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ስለዚህ ዳሌውን ወደ ግራ የሚጥል ቶርክ ይፈጠራል፤ መጠኑም 580 ሲባዛ በ0.10፣ ማለትም 58 ኒውተን ሜትር ነው። ሰውየው እንዳይወድቅ የሚይዘው በዳሌው ውጫዊ ጎን ያለው ጡንቻ ነው። ይህ ጡንቻ ከመገጣጠሚያው ያለው ርቀት 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ሚዛኑን ለመጠበቅ 58 ሲካፈል ለ0.05፣ ማለትም 1160 ኒውተን መጎተት አለበት። ጡንቻው ወደ ታች ይጎትታል፤ ክብደቱም ወደ ታች ይጫናል። መገጣጠሚያው ሁለቱንም ይሸከማል፤ 1160 ሲደመር 580፣ 1740 ኒውተን። ይህ የሰውየውን ሙሉ ክብደት ሁለት ዕጥፍ ተኩል ያህላል።

አንባቢ ይህ የወረቀት ሒሳብ ነው ብሎ እንዳይጠራጠር፣ በበርሊን የሚገኙ ተመራማሪዎች የመለኪያ መሣሪያና የሬዲዮ ማሰራጫ በውስጡ የያዘ ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ ለታካሚዎች ገጥመው ኃይሉን በቀጥታ ለክተውታል። በ2001 ባሳተሙት ውጤት መሠረት በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ያህል ሲራመዱ በመገጣጠሚያው ላይ ያረፈው ከፍተኛ ኃይል በአማካይ የክብደታቸው 2.4 ዕጥፍ ነበር። በአንድ ሚዛን ምሳሌ ለተገኘ መልስ ይህ ቅርበት የሚያስደስት ነው።

አሁን ከዘራውን በግራ እጁ እንስጠው። ግራ እጁ ከቀኝ ዳሌው 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። በከዘራው ላይ በ100 ኒውተን፣ ማለትም 10 ኪሎ ግራም ያህል ቢደገፍ፣ መሬቱ በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረት በዚያው መጠን ወደ ላይ ይገፋዋል። ይህ 40 ኒውተን ሜትር ተቃራኒ ቶርክ ነው። ከ58 ላይ ሲቀነስ ለጡንቻው የሚቀረው 18 ብቻ ነው። ጡንቻው አሁን የሚጎትተው 360 ኒውተን ይሆናል፤ በመገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈውም 360 ሲደመር 580 ሲቀነስ 100፣ 840 ኒውተን ነው። በ100 ኒውተን ድጋፍ 900 ኒውተን ሸክም ተነሣ! ሰውየው ዳሌውን ያሳረፈው ከከዘራው ጥንካሬ ይልቅ በርቀቱ ነው።

በቀኝ እጁ ቢይዘውስ? እጁ ከዳሌው ወደ ውጭ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። መሬቱ ከዚያ በኩል ወደ ላይ ሲገፋው የዳሌውን ቀኝ ጎን ያነሣል፤ ይህም ከክብደቱ ጋር በአንድ አቅጣጫ ይሠራል። ቶርኩ 78 ይደርሳል፣ የጡንቻው ጉተታ 1560፣ የመገጣጠሚያው ሸክም 2040 ኒውተን ይሆናል። በዚህ ስሌት መሠረት ከዘራ ባይዝ ይሻለው ነበር። በተግባር ግን በታመመው በኩል ከዘራ የሚይዙ ሰዎች ጥቂት እፎይታ የሚያገኙት ሰውነታቸውን ወደ ከዘራው ስለሚያዘነብሉ ነው። ሲያዘነብሉ የክብደታቸው ማእከል ወደ መገጣጠሚያው ይቀርባል፤ 10 ሴንቲ ሜትር የነበረው ክንድ ያጥራል። ማነከስ ራሱ ይኸው ነው። ዳሌውን የሚያመው ሰው በየእርምጃው ወደታመመው ጎን የሚያዘነብለው ማንም ሳያስተምረው አካሉ የቶርክን ሒሳብ ስለሠራለት ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ወገቡ ነው።

የእውነተኛው ዓለም ቁጥር ከዚህ የዋህ ስሌት ይለያል። ከዘራው ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ጡንቻውም የሚጎትተው በትክክል ወደ ታች አይደለም፣ ስለዚህ የሚገኘው ቅናሽ እዚህ ካሳየነው ያነሰ ነው። አቅጣጫው ግን አይለወጥም።

ለአገራችን የበለጠ የሚቀርበው ጥያቄ የጀሪካኑ ነው። በ20 ሊትር ውኃ የተሞላ ጀሪካን 200 ኒውተን ይመዝናል። ቀኝ ዳሌዋን የሚያማት ሴት ጀሪካኑን በግራ እጇ ብታንጠለጥለው፣ ክብደቷም 70 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ በቀኝ እግሯ በቆመች ቁጥር 80 ኒውተን ሜትር ይጨመርባታል። ስሌቱን የተከተለ አንባቢ 3540 ኒውተን ያገኛል፤ የክብደቷን አምስት ዕጥፍ። በቀኝ እጇ ብትይዘው ግን ውኃው ራሱ የሚዛን ድንጋይ ሆኖ ያገለግላታል፤ ሸክሙ 1140 ኒውተን ብቻ ነው፣ ባዶ እጇን ስትሄድ ከሚያርፍባት ያነሰ። ሁለት ጀሪካን በሁለት እጇ ብትይዝ 2940 ኒውተን ይሆናል። ሁለት ጀሪካን በትክክል ካልተያዘ አንድ ጀሪካን ይቀላል ማለት ነው። ይህን ለተማሪዎች በሰሌዳ ላይ ሳቀርበው ከሚያምነኝ የሚጠራጠረኝ ይበዛል፤ አስልተው ሲደርሱበት ግን ከመጽሐፉ የክሬን ምሳሌ ይልቅ ይህኛው አይረሳቸውም።

አርኪሜዲስ በገንዳው ውስጥ

በተሐድሶ ሆስፒታሎች ውስጥ ሞቅ ያለ ውኃ የተሞላ ገንዳ የተለመደ ነው። የቆሰለ ወይም የደከመ እግር ሙሉውን ክብደት ገና መሸከም በማይችልበት ጊዜ ታካሚው ወደ ገንዳው ይገባል። እስከ አንገቱ ሲጠልቅ እግሮቹ ላይ የሚያርፈው የክብደቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ እስከ ደረቱ ሥር ሲጠልቅ አንድ ሦስተኛ ያህል፣ እስከ ወገቡ ሲጠልቅ ግማሽ ያህል ይሆናል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው እንግዲህ የታካሚውን ክብደት በውኃው ከፍታ ይቆጣጠራል፤ ዛሬ እስከ ደረት፣ በሚቀጥለው ሳምንት እስከ ወገብ።

ሌላም ጥቅም አለ። ውኃ በሚንቀሳቀስ አካል ላይ የሚያሳድረው ተቃውሞ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ያድጋል። እጁን በዕጥፍ ፍጥነት የሚያንቀሳቅስ ታካሚ አራት ዕጥፍ ተቃውሞ ይገጥመዋል፤ ሲያቆም ተቃውሞውም አብሮ ይቆማል። ከብረት ክብደት ጋር ሲነጻጸር ይህ ትልቅ ደኅንነት ነው፤ ብረት ታካሚው ቢደክመውም አይጠብቀውም። እንዲሁም በ1 ሜትር ጥልቀት ላይ የውኃው ግፊት 9800 ፓስካል፣ በሐኪሞች መለኪያ 74 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ስለሆነ ያበጠ ቁርጭምጭሚትን ዙሪያውን እኩል ይጫነዋል።

እርምጃን መለካት

አንድ ልጅ በጣቶቹ ብቻ እየረገጠ ይራመዳል፤ ተረከዙ መሬት አይነካም። ሰርብራል ፓልሲ በሚባለው፣ በሕጻንነት በአንጎል ላይ በሚደርስ ጉዳት በሚመጣው ችግር ይህ የተለመደ ነው። ምክንያቱ ግን አንድ አይደለም። የባት ጡንቻው በእርግጥ አጥሮ ሊሆን ይችላል። ጡንቻው ሳያጥር፣ አንጎሉ ያለ ጊዜው እንዲኮማተር እያዘዘው ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ችግሩ ያለው ጉልበቱ ወይም ዳሌው ላይ ሆኖ፣ በጣት መርገጡ ለዚያ ማካካሻ ሊሆን ይችላል። ለዓይን ሦስቱም አንድ ናቸው። ቀዶ ሐኪሙ የመጀመሪያው ነው ብሎ የተረከዙን ጅማት ቢያስረዝምና ሳይሆን ቢቀር፣ ልጁ ጉልበቱን አጥፎ ተንበርክኮ እንደሚሄድ ሰው ሊራመድ ይችላል፤ የተረዘመውን ጅማት መልሶ ማሳጠር ደግሞ ከማስረዘሙ እጅግ ይከብዳል። እዚህ ላይ ነው ልኬት ከቅንጦትነት የሚወጣው።

የእርምጃ ቤተ ሙከራ የሚባለው ክፍል ውስጥ በልጁ ዳሌ፣ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚትና እግር ላይ ብርሃን የሚያንጸባርቁ ትንንሽ ኳሶች ይለጠፋሉ። በክፍሉ ዙሪያ የተሰቀሉ የኢንፍራሬድ ካሜራዎች በሰከንድ መቶና ከዚያ በላይ ምስል እያነሡ የኳሶቹን ቦታ ይመዘግባሉ። አንድ ኳስ በአንድ ጊዜ ቢያንስ በሁለት ካሜራ መታየት አለበት፤ አንድ ዓይን ብቻውን ርቀትን በሚገባ እንደማይለይ ሁሉ አንድ ካሜራም አይለይም። ልጁ የሚራመድበት ወለል ውስጥ የኃይል መለኪያ ሰሌዳ ተቀብሯል። እግሩ ሲጫነው ሰሌዳው መሬት መልሶ የሚገፋውን ኃይል መጠንና አቅጣጫ ይነግረናል። በቆዳው ላይ የሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች ደግሞ እያንዳንዱ ጡንቻ መቼ እንደሚሠራ ከሚሰጠው ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ይሰማሉ።

ጤነኛ ሰው ሲራመድ ሰሌዳው የሚስለው ግራፍ ሁለት ጉብታ ያለው ግመል ይመስላል። ሲረግጥ ከክብደቱ አሥር በመቶ ያህል ይበልጣል፣ በመሐሉ ከክብደቱ በታች ይወርዳል፣ ሊለቅ ሲል እንደገና ይወጣል። መሐሉ ላይ ለምን ይቀንሳል ቢባል፣ ሰውነታችን በቆመው እግር ላይ እንደ ተገለበጠ ፔንዱለም በክብ መንገድ ስለሚያልፍ ነው፤ ድልድይ ጉብታ ላይ በፍጥነት ያለፈ ተሳፋሪ ከመቀመጫው ብድግ የሚልበት ምክንያትና ይህ አንድ ነው። በ1977 የሚላኖው መሐንዲስ አንቶኒዮ ፔዶቲ እያንዳንዱን የኃይል ቀስት ከተነሣበት የእግር ነጥብ ጀምሮ በተከታታይ በመሣል ሐኪም በአንድ እይታ የሚያነበው ሥዕል እንዲሆን አድርጎ አቀረበው። የጤነኛ እርምጃ ሥዕል ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ ስለሚመስል በዚያው ስም ይጠራል። በ1985 ደግሞ ፔዶቲና የሥራ ባልደረባው ፌሪኞ «ኤሊቴ» ያሉትን፣ የኳሶቹን ቦታ በቅጽበት የሚያሰላ መሣሪያ አስተዋወቁ። ከዚያ በፊት አንድን እርምጃ ከፊልም ላይ በእጅ እየለኩ ለመተንተን ብዙ ሰዓት ይፈጅ ነበር።

የፔንዱለሙን ነገር በቀላሉ ማለፍ አይገባም። በመደበኛ ፍጥነት ስንራመድ የከፍታና የእንቅስቃሴ ጉልበት እየተለዋወጡ ከሚያስፈልገው ሜካኒካዊ ሥራ ግማሽ የሚበልጠውን ያድኑልናል። ይህን ያጠኑት የሚላኖው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ጆቫኒ ካቫኛና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በ1986 የታተመና ካቫኛም የተሳተፉበት ጥናት፣ በጭንቅላታቸው ሸክም መሸከም የለመዱ የኬንያ ሴቶች የክብደታቸውን አንድ አምስተኛ ተሸክመው ሲሄዱ ከባዶ መንገድ የበለጠ ጉልበት እንደማያወጡ አሳየ። በ1995 ምክንያቱ ተገለጸ፤ ሴቶቹ ሸክም ሲይዙ የፔንዱለሙን ልውውጥ ከሌሎቻችን ይልቅ ያሻሽላሉ። ማነከስ የሚያደክመውም በተቃራኒው ምክንያት ነው፤ ልውውጡ ይቋረጣል፣ እያንዳንዱ እርምጃ ከዜሮ ይጀመራል። ሰው ሠራሽ እግር የሚሠሩ ባለሙያዎች የእግሩን ጫፍ ማቅለል ላይ የሚጨነቁትም እግሩ የሚወዛወዝ ፔንዱለም ስለሆነ ነው፤ የማሽከርከሪያው ተቃውሞ በርቀቱ ካሬ ስለሚያድግ በቁርጭምጭሚት ላይ የተጨመረ ግማሽ ኪሎ ጭን ላይ እንደተጨመረው አይደለም።

ሮቦትና የሁክ ሕግ

በስትሮክ የተጎዳ አንጎል የሞተውን ክፍል አይተካውም፤ በሕይወት ያለው ክፍል ግን በብዙ ድግግሞሽ አዲስ መንገድ ሊያበጅ ይችላል። ድግግሞሽ ደግሞ ማሽን የማይሰለቸው ሥራ ነው። በዚህ አስተሳሰብ ኤም.አይ.ቲ. ውስጥ የተሠራው የእጅ ሮቦት ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለብዙዎች አርአያ ሆነ። አሠራሩ ለፊዚክስ ተማሪ ውብ ነው። ታካሚው እጁን ከትክክለኛው መስመር ሲያወጣ ሮቦቱ በኮምፒዩተር የተፈጠረ ስፕሪንግ ሆኖ ይመልሰዋል፤ የሚመልሰው ኃይል ከስሕተቱ ርቀት ጋር ተመጣጣኝ ነው። ታካሚው እየተሻለው ሲሄድ ባለሙያው የስፕሪንጉን ቋሚ ቁጥር ይቀንሰዋል፤ ሮቦቱ እየለዘበ ሥራውን ለታካሚው ይለቅለታል።

ውጤቱስ? የኞኪ ፋውንዴሽን በበርካታ ማዕከላቱ ከ200 በላይ የስትሮክ ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሹን በሮቦት ግማሹን በተለመደው የእጅ ሕክምና አሠለጠነ። በ2020 በታተመው ውጤት ሁለቱም ቡድኖች በእጅ እንቅስቃሴ ተቀራራቢ መሻሻል አሳዩ። በ2019 በብሪታንያ 770 ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናትም ሮቦቱ የእጅን አገልግሎት በመመለስ ረገድ ከተለመደው ሕክምና ብልጫ እንደሌለው ደመደመ። ሮቦት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ አንድ ባለሙያ በአንድ ሰዓት ብዙ ታካሚ እንዲከታተል ያስችላል። ሆኖም ገንዘቡ ውስን የሆነ አገር ከማሽኑ በፊት በቂ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ማሠልጠን እንደሚገባው ከእነዚህ ቁጥሮች መረዳት አይከብድም። ሮቦቱን የፈተነ ተቋም ይህን ውጤት ሳይደብቅ ማሳተሙ ደግሞ የሚያስመሰግነው ነው።

በእኛም አገር የልጅነት ልምሻ ያጠቃቸውን ሕጻናት ለረጅም ዓመታት ሲያገለግል የኖረው የመናገሻው የቼሻየር ማዕከል ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ውድ መሣሪያ ብቸኛው መነሻ እንዳልሆነ ያሳያል። የእርምጃ ቤተ ሙከራ ባይኖረንም፣ የዛሬ የእጅ ስልክ ካሜራ ዘገምተኛ ምስል ሲያነሣ በሰከንድ 240 ሥዕል ይይዛል። በጓደኛችሁ ዳሌ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፋችሁ ከጎን ብታነሡት የጉልበቱን ማዕዘን በየቅጽበቱ በማስመሪያ መለካት ትችላላችሁ። የሰው ሚዛን መሬት ላይ አድርጋችሁ ከዘራውን በላዩ ብታሳርፉ ደግሞ የድጋፉ ኃይል ይታወቃል።

ለመለማመጃ የሚከተለውን ሥሩ። ክብደቱ 600 ኒውተን የሆነ ሰው ቀኝ ዳሌውን ያመዋል። ከመገጣጠሚያው በላይ ያለው ክብደት 500 ኒውተን፣ የክብደቱ ክንድ 10 ሴንቲ ሜትር፣ የጡንቻው ክንድ 5 ሴንቲ ሜትር ነው። በመጀመሪያ ያለ ከዘራ ወደ ቀኝ አዘንብሎ የክብደቱን ክንድ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር አሳጠረ። ቀጥሎ ቀጥ ብሎ ቆሞ በግራ እጁ፣ ከመገጣጠሚያው 40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ፣ በከዘራ በ60 ኒውተን ተደገፈ። በሁለቱ ሁኔታዎች በመገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈውን ኃይል አስሉ። ለማመሳከሪያ፣ የመጀመሪያው 1100 ኒውተን፣ የሁለተኛው 960 ኒውተን ነው።